ስምሪት መጨረሻ ይሁን

በጭነት ማመላለሻ ድርጅቱ ውስጥ የኮምፒውተር ባለሙያውን በስሙ የሚጠራው የለም፤ ሁሉም ወንፊት ነው የሚሉት። ስሙን ያወጣለት ጎማው የሚባለው ሹፌር ነው። አዲሱ የደኅንነት ሶፍትዌር የሚገባውንም የሚወጣውንም ኢሜል እያበጠረ መጥፎውን እንደሚያስቀር በሠራተኞች ስብሰባ ላይ ሲያስረዳ፣ ጎማው ከኋላ ወንበር እጁን አወጣ።

«ኢሜላችን ያለው ደመና ላይ ነው ብላችሁናል። ሲዘንብ ማን ራስ ላይ ነው የሚወርደው?»

አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። እሱ ግን ጥያቄውን የምር ወስዶ፣ «ደመና ስንል ሩቅ ቦታ ያለ የሌላ ሰው ኮምፒውተር ማለታችን ነው» ሲል መለሰ።

«ገባኝ። አንተ ደግሞ ከደመናው ሥር የተዘረጋህ ወንፊት ነህ» አለ ጎማው። ስሙ በዚያው ጸደቀ።

ወንፊትም ፈገግ አለ። እናቱ ከሞተች ወዲህ ፈገግታውን የሚያስተካክለው ሰው ኮሌታውን እንደሚያስተካክል ነው፤ ከላይ ይደረጋል፣ ውስጡ አያውቀውም። አያዝንም፣ አያለቅስም። ለቀብር የመጡ ሰዎች «አይዞህ፣ ይወጣልሃል» ብለውት ነበር። የሚወጣ ነገር ቢጠብቅ ቢጠብቅ አጣ። ጥርስ ሊነቀል መርፌ ተወግቶ ከንፈሩ እንደደነዘዘ ሰው፣ ፊቱ ቦታው ላይ መኖሩን በእጁ ዳስሶ ካልሆነ አያረጋግጥም።

የሚኖረው ከአባቱ ጋር ነው። አባቱ በዚያው ድርጅት የስምሪት ኃላፊ ነው፤ የትኛው መኪና የትኛውን ጭነት ይዞ ወዴት እንደሚሄድ የሚወስነው እሱ ነው። ሹፌሮቹ ጋሼ ይሉታል። ከጡረታው በፊት የቀረችው ይቺ ክረምት ብቻ ናት። ክፍሉ ምድር ቤት ነው፤ ወደ ጋራዡ የሚያይ የመስታወት መስኮት፣ ግድግዳው ላይ የመኪና ቁልፎች የተንጠለጠሉበት ሰሌዳ፣ እየዞረ የሚያቃስት ማራገቢያ አለው። ወንፊት የሚሠራው ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ማሽኖቹ እንዳይሞቁ ተብሎ ሁልጊዜ በሚቀዘቅዝ ክፍል ውስጥ ነው። በሐሩሩም ወር ሹራብ ይለብሳል።

ቤታቸው ውስጥ ተናጋሪዋ እናትየው ነበረች። አባትና ልጅ ይነጋገሩ የነበረው በእሷ በኩል ነው። «አባትህን እራት ቀርቧል በለው» ትላለች፤ ይላል። «ልጅህ አላማረበትም፣ እስቲ እየው» ትላለች፤ ያየዋል። እሷ ስትሄድ ሁለቱ ወንዶች በአንድ ጠረጴዛ ግራና ቀኝ ተቀምጠው መሄጃው የጠፋባቸው ሆኑ። የተጣሉ አይደሉም። ኩርፊያ ቢሆን ኖሮ ሽማግሌ ይገባበት ነበር፤ ጠብ ቢሆን ጎረቤት ይሰማ ነበር። ይኼ ግን ምንም አልነበረም፤ ምንም ለሆነ ነገር ደግሞ አስታራቂ አይጠራም። ማታ ማታ ሬዲዮው ያወራላቸዋል።

ከሐዘን በኋላ ሥራ በገቡበት ሳምንት፣ ከሰዓት በኋላ፣ ከምድር ቤት ወደ ሦስተኛ ፎቅ አንድ ኢሜል መጣ። ርዕስ የለውም። ውስጡ «ዳቦ» ይላል።

ወንፊት ትንሽ አየውና «እሺ» ብሎ መለሰ።

ሲወጣ ዳቦ ገዝቶ ገባ። አባቱ ተቀብሎ ቆረሰ። ስለ ኢሜሉ ማንም ምንም አላለም። በማግሥቱ «ውሃ ሄዷል፣ ባልዲ ሞልተህ ነው የወጣኸው?» የሚል መጣ። ከዚያ «ቁልፍ ረስቻለሁ»፣ ከዚያ «ዛሬ አመሻለሁ»፣ ከዚያ እንደገና «ዳቦ»። ከሥራ መውጫ ቀደም ብሎ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይመጣል። ወንፊት ያቺን ሰዓት ይጠብቃት እንደሆነ ቢጠየቅ አልጠብቃትም ይል ነበር። ሆኖም ያን ሰዓት ከወንበሩ ተነስቶ አያውቅም። ከአባቱ ጋር የቀረው ንግግር እሱ ብቻ ነበር።

ሶፍትዌሩ የተገዛው ባለፈው ዓመት አንድ ቅርንጫፍ ስለተጭበረበረ ነው። እንዲህ ያለው ነገር በአንድ ጀንበር አይተከልም፤ አንዴ ለሁሉም ከተከፈተ ደህናውንም ክፉውንም ሊያስር፣ ቢሮውን በአንድ ጠዋት ሊያስቆም ይችላል። ስለዚህ በየምዕራፉ ይሄዳል። በመጀመሪያው ምዕራፍ ሶፍትዌሩ ዝም ብሎ ያያል፤ ምንም አይነካም፣ «ቢፈቀድልኝ ኖሮ ይኼን እይዝ ነበር» ብቻ ይላል። ቀጥሎ ለኮምፒውተር ክፍሉ ሰዎች ይከፈታል፤ ከዚያ ለአንድ ክፍል፣ ከዚያ ለሌላው፣ እያለ ሁሉንም ያዳርሳል። በተከፈተለት ክፍል የሚያበጥረው ከውጭ የሚመጣውንና ክፍሉ ራሱ የሚልከውን ነው። የያዘውን መልእክት አይሰርዝም፤ ማቆያ ውስጥ ያስቀምጠዋል። ማቆያውን ከፍቶ ይለፍ ወይም ይቅር የሚለው ወንፊት ነው።

የማየቱ ምዕራፍ ባለቀበት ቀን ሻዩን ይዞ ውጤቱን ከፈተ። ከላይ ከላይ የታዩት የማይታወቁ አድራሻዎች፣ ዕጣ ወጥቶልሃል የሚሉ፣ ክፍያ ዘግይቷል የሚሉ ነበሩ። ከእነሱ ሥር የአባቱን አድራሻ አየ። አንዴ አይደለም፤ ደጋግሞ። «ዳቦ»። «ዳቦ»። «ቁልፍ»። «ዳቦ»። ሶፍትዌሩ ከእያንዳንዱ ጎን ምክንያቱን አስፍሯል፤ ርዕስ የለውም፣ አንድ ቃል ብቻ ነው፣ ከአንድ ሰው ወደ አንድ ሰው በተመሳሳይ ሰዓት ይመላለሳል። ከማሽን የተላከ ሊሆን ይችላል።

ሻዩ በእጁ ላይ ቀዘቀዘ።

መፍትሔው ቀላል ነበር። ለአንድ አድራሻ ልዩ ፈቃድ ይጠየቃል፤ የኮምፒውተር ክፍሉ ኃላፊ ትፈርማለች፤ አለቀ። ግን መጠየቂያው ላይ «ምክንያት» የሚል ቦታ አለ። ወንፊት እዚያ ላይ ሲደርስ ጣቶቹ ቆሙ። ምን ብሎ ይጻፍ? በአንድ ቤት የሚኖሩ አባትና ልጅ ናቸው፣ ዳቦ ግዛ የሚባባሉት በኢሜል ነው ይበል? ኃላፊዋ ታነበዋለች። ከእሷ የአስተዳደር ጸሐፊዋ ትሰማለች። ከጸሐፊዋ ጎማው ከሰማ ደግሞ ከተማው ሁሉ ሰማ ማለት ነው። ጽፎ አጠፋው፤ እንደገና ጽፎ አጠፋው።

የምዕራፎቹ ቅደም ተከተል በተወሰነበት ስብሰባ ላይ ተራው ሲደርስ፣ «ስምሪት መጨረሻ ይሁን» አለ።

ኃላፊዋ ቀና አለች። ነገርን በሁለት ቃል የምትጨርስ፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ የምትፈልግ ሴት ናት። «ለምን?»

«የመኪና ትእዛዝ በስህተት ቢያዝ ጭነት ይቆማል። ሶፍትዌሩ እስኪለመድ ቢቆይ ይሻላል።»

ውሸት አልነበረም። አባቱም የስምሪት ኃላፊ ስለሆነ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ነበር። «ጥሩ ነው» አለ፤ እስክሪብቶውን ከፍቶ ዘጋ። የልጁን ፊት አላየም።

ሥራው ተጀመረ። ወንፊት ጠዋት ይገባል፣ ሹራቡን ይለብሳል፣ ማቆያውን ይከፍታል። ለሒሳብ ክፍል ሲከፈት ክፍሉ ለሁለት ቀን ጮኸ፣ ከዚያ ለመደ። አስተዳደር ሲከፈት ጸሐፊዋ ደውላ፣ «ወንፊት፣ የልጄን ትምህርት ቤት መልእክት አንጠልጥለህብኛል፤ ልጁ ቢባረር አንተ ነህ የምታስተምረው» አለችው። ለቀቀላት። አመሰገነችው። ስልኩን ዘጋ። ከዚህ ሁሉ ውስጥ አንዱም ደስ አላሰኘውም፣ አላናደደውምም። ቀኑ ገጽ እንደሚገለጥ ይገለጣል፤ ምን እንዳነበበ አያስታውስም። ስምሪት ግን እንዳለ ነው፤ «ዳቦ» ይመጣል፣ «እሺ» ይሄዳል።

አንድ ቀን ጠዋት ስልኩ ጮኸ። ጎማው ነው፤ ከቅርንጫፍ።

«ወንፊት፣ አባትህን ምን ነካቸው?»

«ምን ሆኑ?»

«የዛሬው ስምሪት ተለውጧል፣ አባሪውን ክፈቱ ብለው ላኩልን። የቅርንጫፉ ልጅ ከፈተው፤ ኮምፒውተሩ እንደ አሮጌ ሞተር አጓርቶ ቀጥ አለ። ሌላው ቅርንጫፍም እንደዚሁ ነው አሉ። መኪና ተደርድሮ ቆሟል፤ ጋሼ ቀልድ ጀመሩ ወይስ ሳይሰናበቱ ሊያሰናብቱን ነው?»

ወንፊት መጀመሪያ የአባቱን አድራሻ ዘጋ። ቅርንጫፎቹ ኮምፒውተሮቻቸውን ከመስመር እንዲነቅሉ ደወለ። ከዚያ ደረጃውን ወረደ።

አባቱ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጧል። ሹፌሮች በመስታወቱ በኩል ያዩታል፤ እሱ ስክሪኑን ያያል። የኮምፒውተሩን መዳፊት እንደሚያመልጥ ነገር ጨብጦታል።

«አባዬ፣ ምን ከፈትክ?»

«ያንተን።»

«የኔን ምን?»

«ትናንት የላክልኝን ነዋ። የይለፍ ቃል አድስ ያልከኝን።»

«እኔ ምንም አልላክኩም።»

አባቱ ቀስ ብሎ ዞረ። «ስምህ አለበት እኮ።»

ወንፊት ጎንበስ ብሎ አየ። ስሙ አለበት፤ ትክክለኛ ስሙ፣ ከሥሩ የሥራ መደቡ። አድራሻው ግን የድርጅቱ አይደለም፤ እንዲመስል ተደርጎ የተሠራ ነው። ለሒሳብ ክፍልም ለአስተዳደርም ያው መልእክት ተልኮ ነበር፤ እዚያ ግን ሶፍትዌሩ ይዞ አስቀርቶታል። ያለፈው ወደ ስምሪት ብቻ ነው፤ ሌቦቹ በዚህ የአባቱን የይለፍ ቃል ወስደው ለቅርንጫፎቹ በስሙ ልከዋል። እንዲህ ይላል፦ «እንደምን ዋሉ? ጤናዎ እንዴት ነው? ሥራው እንደማይከብድዎ ተስፋ አደርጋለሁ። የይለፍ ቃልዎ ዛሬ ስለሚያበቃ ከታች ባለው ሊንክ ገብተው ያድሱ።»

«እንዲህ ዓይነቱን እንዳትከፍቱ ብዬ ተናግሬ የለም? በስብሰባው?»

«ብለሃል።»

«ታዲያ?»

አባቱ መልስ ከመስጠቱ በፊት ጋራዡን አየ። «ጤናዬን ጠየቅከኝ ብዬ ነው» አለ።

ወንፊት እንደገና ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አለ። ከማታለያው መልእክት ሥር ሌላ መስመር እንዳለ ያየው ያን ጊዜ ነው። አባቱ ሊንኩን ከመንካቱ በፊት መልስ ጽፏል። በአንድ ጣት፣ ፊደል እየፈለገ የጻፈው መሆን አለበት። «ደህና ነኝ። ደረጃ ስወጣ ጉልበቴን ያመኛል። አንተስ?»

መልሱ ለማያውቋቸው ሰዎች፣ ወደማይታወቅ ቦታ ሄዷል።

ማራገቢያው ዞረ። ወንፊት ደረቱ ውስጥ አንድ ነገር ይመጣል ብሎ ጠበቀ፤ አልመጣም። «ኮምፒውተሩን አትንካው» ብሎ ወጣ።

ቀትር ላይ ኃላፊዋ አስጠራችው። በሩን ዘግታ ነበር፤ እሷ በር አትዘጋም።

«አባትህ እንደሆኑ አውቃለሁ» አለች። «ዋና ሥራ አስኪያጁ ግን ጥፋተኛ ይለይ ብለዋል። አባትህ ተነግሯቸው የከፈቱ ከሆነ ደብዳቤ ይጻፍባቸዋል፣ ዛሬውኑ ከሥራ ይነሳሉ። የስንብት ዝግጅት የለም፣ ምስጋና የለም። ይህን ሁሉ ዘመን ሠርተው በጓሮ በር ይወጣሉ ማለት ነው።»

«ገብቶኛል።»

«የምጠይቅህ አንድ ነገር ነው። ሌሎቹ ክፍሎች ድነዋል። ስምሪት ለምን መጨረሻ ሆነ?»

መልሱ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ጭነት እንዳይቆም። በስብሰባው ቃለ ጉባኤ ላይም ያው ነው የሰፈረው፤ ማንም አይከራከረውም። ያን ቢል እሱን የሚነካው አይኖርም፤ አባቱ ብቻ ይነሳል።

«ሶፍትዌሩ የአባቴን መልእክት ስለሚይዝብኝ ነው» አለ። ድምፁን ከጎን ክፍል እንደሚሰማ የሰው ድምፅ ሰማው።

«የምን መልእክት?»

«ዳቦ የሚል።»

መነጽሯን ከግንባሯ አወረደች። «ዳቦ?»

«ዳቦ ግዛ ለማለት ነው። አንዳንዴ ቁልፍ። አንዳንዴ ውሃ።»

«አንድ ቤት አይደለም እንዴ የምትኖሩት?»

«አንድ ቤት ነው።»

ትስቃለች ብሎ ጠብቆ ነበር። አልሳቀችም።

«ልዩ ፈቃድ አትጠይቀኝም ነበር? በአንድ ፊርማ?»

«ምክንያት ይላል፤ አፈርኩ። ስለዚህ ክፍሉን በሙሉ ወደ መጨረሻ ገፋሁት። አባቴ ሳይሆን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። እንዳለ ይንገሯቸው።»

ኃላፊዋ «ደብዳቤው አንተ ላይ ይጻፋል» አለች። «የዚህ ዓመት እድገትህም ቀረ።»

«እሺ።»

«እሺ ብቻ?»

«ሌላ ምን ልበል?»

ዓይኑን አየችው፤ የምትፈልገውን ያገኘች አይመስልም። «አባትህ እስከ ክረምቱ መጨረሻ ይሠራሉ። ስምሪት ግን አሁኑኑ ይከፈት። ፈቃዱንም ከፈለግህ ጻፍና አምጣ፤ እፈርማለሁ፣ ምክንያት ሳላነብ።»

«አያስፈልግም» አለ። ለምን እንዲህ እንዳለ ራሱም አላወቀም።

ወደ ቀዝቃዛው ክፍል ተመለሰ። ለአባቱ አዲስ የይለፍ ቃል ሰጠ፣ አድራሻውን ከፈተ። ከዚያ የመጨረሻውን ምዕራፍ አስጀመረ። አንዲት ትንሽ ክብ ዞራ ዞራ አረንጓዴ ሆነች። ይኼው ነበር፤ ወራት የፈጀው ሥራ አለቀ። ክፍሉ ውስጥ ያሉት ማሽኖች እንደወትሮው ያጉረመርማሉ።

ከሥራ መውጫ ቀደም ብሎ ማቆያው ውስጥ አንድ መልእክት ገባ። ከስምሪት። ርዕስ የለውም። «ዳቦ»። ከጎኑ፦ ከማሽን የተላከ ሊሆን ይችላል።

የመዳፊቱ ቀስት «ይለፍ» የሚለው ላይ ደርሶ ቆመ። አንድ ጊዜ ቢነካው መልእክቱ ይደርሰዋል፤ እሱም እሺ ይላል፤ ነገም እንደዚሁ፤ ክረምቱ አልቆ አባቱ ቢሮ መምጣቱን እስኪያቆም። ከዚያ ወዲያ ከምድር ቤት ማን ይጽፍለታል? ሰዓቱ ሄደ። አልነካውም። ሹራቡን አወለቀ፣ ወንበሩ ላይ ጣለው፣ ደረጃውን ወረደ።

አባቱ ቁልፎቹን ሰሌዳው ላይ እየሰቀለ ነበር። መጨረሻ የገባውን መኪና ቁልፍ ሰቅሎ ዞረ።

«አልደረሰህም ብዬ ነበር» አለ።

«ተይዟል።»

«ማን ያዘው?»

«ሶፍትዌሩ። ማሽን የላከው መስሎት።»

አባቱ አሰበበት። «አይፈረድበትም» አለ።

ጋራዡ ውስጥ አንድ ሰው የመኪና በር ዘጋ። ከቅርንጫፉ የተመለሰው ጎማው በመስኮቱ በኩል ሲያልፍ ሁለቱን ቆመው አይቶ የሚናገረው ነገር ያለ መሰለ፤ ኋላ ኮፍያውን ብቻ ነካ ነካ አድርጎ አለፈ።

«ደብዳቤው አንተ ላይ ነው አሉ» አለ አባቱ።

«አዎ።»

«ያጠፋሁት እኔ ሆኜ ሳለ።»

«አይደለህም።» ወንፊት የሚቀጥለውን ቃል ፈልጎ አጣው፤ ፊደል በጣት እንደሚፈልግ ሰው ቆየ። «በመልስህ ላይ ‹አንተስ?› ብለህ ነበር» አለ በመጨረሻ።

«ለነዚያ ሌቦች አይደለም እንዴ የሄደው?»

«አይቼዋለሁ።»

አባቱ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። እግሩን ሲያጥፍ ፊቱን ቋጠር አደረገ፤ ወንፊት ይህን ስንት ጊዜ በአጠገቡ ሳያይ እንዳለፈ አሰበ። «እና?» አለ አባቱ። «አንተስ?»

«ምንም አይሰማኝም።»

«ከመቼ?»

«ከእሷ ወዲህ።»

አባቱ «አይዞህ» አላለም፤ ይወጣልሃልም አላለም። የቀኙን ጉልበት በመዳፉ እያሸ፣ «እኔ ደግሞ ይኼኛው ባያመኝ ምንም የሚሰማኝ አይመስለኝም» አለ።

ወንፊት ራሱን ነቀነቀ። የተለወጠ ነገር አልነበረም፤ ያው ድንዛዜ ነው። ብቻ አሁን ክፍሉ ውስጥ እንደ ሦስተኛ ሰው ተቀምጦ ሁለቱም አዩት።

ማራገቢያውን አጥፍተው ወጡ። አባቱ ቀስ እያለ ነበር የሚሄደው፤ ልጁም ቀስ አለ። ዳቦ ቤቱ ጋ ሲደርሱ ሻጯ መደርደሪያውን እያየች፣ «የቱን ላድርግላችሁ?» አለች።

ወንፊት ሁልጊዜ የሚገዛውን ሊጠቁም እጁን አንስቶ ተወው። ወደ አባቱ ዞረ።

«የቱን ነው የምትወደው?»

አባቱ መደርደሪያውን ለረጅም ጊዜ አየ። «እኔ እንጃ» አለ። «የምታመጣውን ነው የምበላው።» ከዚያ ጥግ ላይ ያለውን፣ ቅርፊቱ ጠቆር ያለውን አሳየ። «እስቲ ያንን።»